እጅ ያልነካት ደሴት

ሚላን የሚኖረው የአክስቴ ልጅ በነሐሴ ከአዚናራ ደሴት ተመልሶ አንድ ፎቶ ላከልኝ። ፎቶው ላይ አህያ አለች፤ ነጭ አህያ። ከኋላዋ የብረት ፍርግርግ መስኮት ያለው አሮጌ ግንብ፣ ከግንቡ ባሻገር ሰማያዊ ባሕር። ከሥሩ «እጅ ያልነካት ተፈጥሮ!» ብሎ ጽፎበታል። እኔ አህያ ለማየት ጀልባ የማያስፈልገኝ ሰው ነኝ። እህል በረንዳ ብቅ ካልኩ፣ ካልተጠነቀቅሁ ረግጠውኝ የሚያልፉ ሞልተዋል። የኛዎቹ ግን ግራጫ ናቸው፤ ጀርባቸው ላይም ጭነት አለ። ስለዚህ ተፈጥሮ ተብለው አያውቁም። «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር» የሚለውን ተረት ልጽፍለት ጀምሬ ተውኩት፤ ዘመድ ነው።

ደሴቲቱ በእርግጥ ታምራለች። ከሰርዲኒያ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ወዲያ ናት፤ ስፋቷ 52 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ ናት። ሆቴል ተደርድሮ ባሕሩን አልጋረደም፣ ባለሀብት ቪላውን አልገተረም፤ የዱር በጉ እንደ ልቡ ይዘላል። ጎብኚው ይህን አይቶ ፈጣሪን ያመሰግናል። ምስጋናው ግን አድራሻውን ስቷል። መመስገን ያለበት ወህኒ ቤቱ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሰው እንዳይገባ፣ የገባውም እንዳይወጣ አድርጎ የጠበቃት ማን ሆነና! ለአካባቢ ጥበቃ ሽልማት የሚሰጡ ሰዎች እስካሁን አንድም ጠባቂ ፖሊስ አለመሸለማቸው ትልቅ ግፍ ነው።

ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። ያን ዓመት የኢጣሊያ መንግሥት የባሕር ዳርቻ አምሮት ይዞት ነበር። በየካቲት ምጽዋን ያዘ፤ በሰኔ ደግሞ አዚናራን ለራሱ አደረገ። በደሴቲቱ ዓሣ እያጠመዱና ከብት እያረቡ የሚኖሩ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ዕቃችሁን ሰብስቡ ተባሉ። አርባ አምስቱ ቤተሰብ ተሻግረው ስቲንቲኖ የምትባለውን መንደር ቆረቆሩ። ዛሬ ወደ አዚናራ የሚሄደው ጎብኚ ጀልባ ከሚሳፈርባቸው ወደቦች አንዱ ስቲንቲኖ ነው። የተባረሩት ሰዎች የልጅ ልጅ ልጆች ቲኬት ቢቆርጡለት አይገርመኝም።

ነዋሪው ከወጣ በኋላ ወረርሽኝ የሚጠረጠርባቸው መርከበኞች ማቆያና የእስረኞች እርሻ ተቋቋመ። ድንጋዩን የለቀሙት፣ መሬቱን ያረሱት፣ መንገዱን የጠረጉት እስረኞች ናቸው። «እጅ ያልነካት» የሚለው አነጋገር ታዲያ ውሸት ነው ልል አልደፍርም። ካቴና የገባ እጅ እንደ እጅ የማይቆጠር ከሆነ ልክ ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ የኦስትሪያና የሃንጋሪ ጦር ምርኮኞች ተራገፉባት፤ ኮሌራና ረሃብ ብዙ ሺዎቹን እዚያው አስቀራቸው። አጥንታቸው የተሰበሰበበት ቤት የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። ፋሺስት አዲስ አበባ የገባበት ዓመት መሆኑ ነው፤ ለአሮጌው አጥንት ማረፊያ ሲያንጹ ለአዲሱ ሥራ ጀመሩ።

የአክስቴ ልጅ ታሪኩን አልሰማም ብዬ ግን አላማውም። ስልክ ደውዬ ስጠይቀው የማፊያው አለቃ ቶቶ ሪና የት እንደታሰረ በዝርዝር ነገረኝ። ዳኞቹ ፋልኮኔና ቦርሰሊኖ ማፊያ እንዳይገድላቸው እዚያ ተደብቀው የታላቁን የፓሌርሞ ችሎት መዝገብ እንዳዘጋጁ፣ መንግሥትም ለቆዩበት ሒሳብ እንዳስከፈላቸው እየሳቀ አጫወተኝ።

«የኛዎቹስ?» አልኩት።

«የትኞቹ የኛ?»

የኛዎቹ እንኳ ሒሳብ አልተጠየቁም። የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ቦምብ ግራዚያኒን ካቆሰለ በኋላ መንግሥቱ ለሐበሻ ሰፊ የጉዞ መርሐ ግብር አወጣ። እንደ ባቡር ማዕረግ ማዕረግ ነበረው። አንደኛ ማዕረግ ለመኳንንቱና ለቤተሰባቸው ሲሆን ወደ ኢጣሊያ ነው፤ ብዙዎቹ አዚናራ ወረዱ። ዝቅ ያለው ማዕረግ ሶማሊያ ውስጥ ዳናኔ፣ ወይም ዳህላክ ላይ ኖኩራ ነው፤ እዚያ ፀሐዩ በነፃ ነበር። የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በግንቦት ወር ጉዞም አላስፈለጋቸውም፤ አገልግሎቱ እዚያው ድረስ መጣላቸው።

ከአንደኛ ማዕረጎቹ አንዷ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅ ነበሩ። ባላቸው ደጃዝማች በየነ መርዕድ በዚያው የካቲት ተገድለዋል፤ እሳቸው ከልጆቻቸው ጋር አዚናራ ተወሰዱ። ባሕሩ ያኔም ሰማያዊ ነበር። አህዮቹም ያኔ ነጭ ሳይሆኑ አይቀሩም። ልዕልቲቱ በ1933 ዓ.ም. መባቻ ቱሪን ከተማ አረፉ፤ አገራቸው ነፃ ልትወጣ ወራት ሲቀሩ። ይህን ስነግረው የአክስቴ ልጅ ትንሽ ዝም አለና «ጋሼ፣ አንተ ደግሞ ሽርሽሩን ለቅሶ ታደርገዋለህ» አለኝ። እውነቱን ነው። ሽርሽርና ለቅሶ አንድ ጀልባ አይሳፈሩም።

እኛም ብንሆን በዚህ ሙያ አዲስ አይደለንም፤ ይህን ካልነገርኩ ለኢጣሊያ ብቻ ያደላሁ ይመስላል። ልዑላኑን አምባ ወህኒ ላይ አግዞ የተራራውን ስም የእስር ቤት ሁሉ መጠሪያ ያደረገ ሕዝብ ነን። ደሴት ብናጣ ገደል አላጣንም። ያንንም ገደል የሚያየው ሰው መጀመሪያ የሚለው «እንዴት ያምራል!» ነው።

ለመጪው ዓመት ዘመዴ ፖንዛን አስቧል። ከሮምና ከኔፕልስ መሐል ባሕሩ ላይ ያለች፣ ሮማውያን ቅዳሜና እሑድን የሚዝናኑባት ደሴት ናት። ፋሺስት ተቃዋሚዎቹን ሲያግዝባት ኖሯል፤ ራስ እምሩንም እዚያ አስቀምጧል። በሐምሌ 1935 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ራሱ ከሥልጣን ወርዶ ታስሮ መጣባት፤ እንደሚነገረውም ያረፈው ራስ እምሩ በነበሩበት ቤት ነው። ስልሳኛ ልደቱን እዚያው አከበረ። ለሌላው ያዘጋጀውን ሽርሽር ራሱ የቀመሰ አዘጋጅ ከሱ ሌላ አላውቅም፤ በዚህ እንኳ አመሰግነዋለሁ። ሰውዬው የቀመሰው ግን ለጥቂት ቀን ነው፤ ከዚያ ወደ ሌላ ደሴት አዛወሩት።

«ቤቱን ታየዋለህ?» አልኩት የአክስቴን ልጅ።

«ዋና አለው?» አለኝ።

ነገሩን እዚያው ተውነው። ስልኩን ልዘጋ ስል ግን ፎቶው ላይ ከአህያዋ ኋላ የሚታየው ግንብ ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። አላስተዋለውም ነበር። «ውይ፣ ፎቶዬን አበላሸብኝ አይደል?» አለ። በማግስቱ አስተካክሎ መልሶ ላከልኝ፤ ስልኩ አሁን እንዲህ ያለውን በአንድ ጣት ያጠፋል። ፍርግርጉም ግንቡም የለም። አህያዋና ባሕሩ ብቻ፣ ሥዕል የመሰለ።