መኪናዎን በዩቲዩብ ይግደሉ

ክቡር ባለመኪና፣ ጂንካ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ዕቃ በጎደለ ቁጥር ሶማሌ ተራ ብቅ ብሎ መመለስ የለም። የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ ማስገባትም በ2016 ዓ.ም. ስለተከለከለ፣ የያዙትን አሮጌ መኪና በሌላ መተካት ቀላል አይደለም። እንግዲያው መካኒክ ምን ያደርግልዎታል? የዳታ ጥቅል ይግዙና ሥራ ይጀምሩ።

ቪዲዮ ሲመርጡ ሞዴልና ዓመተ ምርት አይመልከቱ። ላንድክሩዘር ያው ላንድክሩዘር ነው፤ የሰውዬው በቤንዚን፣ የእርስዎ በናፍጣ መሥራቱ ተራ ነገር ነው። እሱ መኪናውን በሊፍት ሰቅሎ የሚፈታውን እርስዎ በክሪክና በድንጋይ ይፍቱት። ከሥር ሲገቡ ድንጋዩን አይዩት፤ ልብ ይከፍላል።

ዋናው ዕድልዎ ግን ሙቀት ነው። ከወይጦ ቆላ ተነስተው የቀይ አፈርን ዳገት ሲያያዙት የሙቀት ጌጁ ሽቅብ ይወጣል። ዝም ብለው ይንዱ። ኮፈኑ ሲጨስ ይቁሙና ወዲያው የራዲያተሩን ክዳን ይክፈቱ። ውሃው 100 ዲግሪ አልፎም ሳይፈላ የቆየው ክዳኑ በግፊት አፍኖ ስለያዘው ነው፤ ሲከፍቱት ባንዴ ገንፍሎ ፊትዎ ላይ ይመጣል። (ይህን ቪዲዮው ላይ አያገኙትም፤ የቀረጸው ሰው ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቋል።) ከተረፉ ቀዝቃዛ ውሃ በጋለው ሞተር ላይ ይገልብጡበት፤ ቴስታታው ይሰነጠቃል። ባዶውን ኮዳ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ለሚሮጡት ልጆች ይስጧቸው። ከዕለቱ ጥገና የተጠቀሙት እነሱ ብቻ ናቸው።

ራዲያተሩ ያንጠባጥባል? እንቁላል ሰብረው ይጨምሩበት። አንዳንዴ ይሠራል፣ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው፤ የበሰለው እንቁላል ቀዳዳውን ደፍኖ አይመለስም፣ ቀጫጭኖቹን ቱቦዎችም አብሮ ይደፍናል። ቴርሞስታቱንም አውልቀው ይጣሉት፤ «ለሞቃት አገር አያስፈልግም» የሚሉ ሊቃውንት ሞልተዋል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ በጂንካ ጠዋት ቶሎ አይሞቅም፣ ነዳጅም ይበላል። በአንዳንድ ሞተር ላይ ደግሞ ውሃው ራዲያተሩን ትቶ በአቋራጭ ስለሚዞር፣ ሙቀት ፈርተው ባወለቁት ሙቀቱ ይብስብዎታል።

ቡሎን ሲያጠብቁ ቪዲዮው «80» ካለ፣ ፉት ፓውንድ ነው ኒውተን ሜትር ብለው አይጨነቁ፤ ልዩነቱ ከሲሶ በላይ ቢሆን ነው። ለነገሩ መለኪያ ያለው ቁልፍ ከየት ያመጣሉ? ባለዎት ቁልፍ ጫፍ ላይ የቧንቧ ቁራጭ ሰክተው እስኪጮኽ ይጫኑት። ሲበጠስ ጠብቋል ማለት ነው።

በአይሱዙ ተጎትተው ጂንካ ጋራዥ ሲገቡ መካኒኩን «እኔ ምንም አልነካሁም» ይበሉት። ራዲያተሩን ፈትቶ እንቁላሉን ሲያገኘው ዋጋውን ራሱ ይነግርዎታል።