«ይችላል!»

ጉራጌ አገር ለመስቀል ወይም ለአረፋ ልጅ ከአዲስ አበባ ይመጣል ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ክትፎው እንዳይመስላችሁ፤ የግቢው በር ነው። ዓመቱን ሙሉ በሽቦ ታስሮ፣ የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ ሲሾልክበት ማንም ልብ ያላለው በር፣ በዓሉ ሳምንት ሲቀረው የቤተሰብ ክብር ይሆናል። በያጁ ስልክ አያነሳም። መብራትም የምንቸኩልበትን ሳምንት ስለሚያውቅ ልክ ያኔ ይሄዳል።

እኛ ቡታጅራዎች እንኳ እንጽናናለን፤ ወልቂጤዎች ናቸው የሚያሳዝኑት። የጊቤ ወንዝ ጎረቤታቸው ነው። ይኸው ወንዝ ወደ ታች ወርዶ ኦሞ ሲባል፣ ጊቤ ሦስት ላይ ለ1,870 ሜጋ ዋት ተገድቧል። ያን ሁሉ ሜጋ ዋት በደጃቸው የሸኙ ሰዎች ለአንዲት ማጠፊያ ብለው የጸጉር ቤት ጀነሬተር ይለምናሉ።

የኛም ሰፈር ጀነሬተር የጸጉር ቤት ነው። ዕድሜውን ከአንድ አምፖልና ከአንድ ቶንዶስ ጋር የገፋ ምስኪን። በራቸውን የሚያስበይዱት ጎረቤታችን «ብየዳ ይችላል?» ሲሉት ባለቤቱ ጎኑን መታ መታ አድርጎ «3 ኪሎ ዋት እኮ ነው፤ ይችላል!» አለ። ስቲከሩ ላይ ያለው 3 ግን ብዙ ጊዜ ለአፍታ ትንፋሹን ውጦ የሚሸከመው ነው፤ ረጋ ብሎ የሚሰጠው ከዚያ ያንሳል። በ2.5 ኤሌክትሮድ ለመበየድ ደግሞ 80፣ 90 አምፔር ያስፈልጋል፤ በ24 ቮልት ገደማ ስታባዙት ጫፉ ላይ ብቻ 2 ኪሎ ዋት ሞላ። ማሽኑ ራሱ የሚበላውን ገና አልቆጠርንም። በትከሻ የሚንጠለጠለው ኢንቨርተር ቢሆን እንደምንም ይገፋ ነበር፤ የኛ በያጅ ያስመጣው ሁለት ሰው የሚሸከመውን የድሮውን ሽማግሌ ነው። ኤሌክትሮዱን ብረቱ ላይ ነካ ሲያደርገው ጀነሬተሩ «እህህህ» አለ፣ ኤሌክትሮዱ ተጣበቀ፣ ጸጥ።

ጸጥ ሲል መሐንዲሱ ሁሉ ተነሳ። ባጃጅ ነጂው «ቾኩን ሳብለት!» ባለሱቁ «አምፔሩን ቀንስለት!» ሐጂ ከወንበራቸው ንቅንቅ ሳይሉ «ቤንዚኑ ነው፤ ውሃ ገብቶበታል።» በሁለት ሃይላንድ የመጣው ቤንዚን ከየት እንደተገኘ የጠየቀ ስለሌለ ሐጂ እውነት ሳይኖራቸው አይቀርም። ጀነሬተሩ ገና ሳይበርድ ክዳኑን ከፍቶ የሚሞላው ልጅ «እሳት እንዳታስጠጉ!» ብሎ ጮኸብን፤ ሲጋራው በከንፈሩ ላይ ነበረች።

እንደገና ሲነሳ ሰፈሩ ቻርጀሩን ይዞ ወጣ። «ይቺን ብቻ፣ አንድ ፐርሰንት ቀርቷታል!» የስልኩ ብዛት፣ የባለሱቁ ፍሪጅ፣ ጎረምሶቹ «ጨዋታ አለ» ብለው የጎተቱት ቴሌቪዥን። በያጁ ብረቱን ሲነካ ቴሌቪዥኑ ይጠፋል፣ እጁን ሲያነሳ ይመጣል። በመጨረሻ አንዱ ጎረምሳ ጠጋ ብሎ «ወንድሜ፣ ፔናሊቲ ነው፤ ትንሽ ታገሠን» አለው። በያጁ ታገሠ። እንዲያውም ማሽኑን አስቀምጦ ከፊት ተቀመጠ።

እናቶች ደግሞ «አትዩ፣ ዓይን ያጠፋል!» እያልን የልጆቻችንን ዓይን በመዳፍ እንከድናለን፤ የራሳችንን ዓይን ማን ይክደንልን? በያጁ ራሱ ያደረገው ለፎቶ የሚያምር የገበያ ጥቁር መነጽር ነው። የብየዳ ብርሃን ተንኮሉ ወዲያው አለመቆጥቆጡ ነው። ሰዓታት ቆይቶ፣ እንቅልፍ ሲጥላችሁ፣ ዓይናችሁ ውስጥ አሸዋ የበተኑ ያህል ያስነሳችኋል። የዚያን ሌሊት ሰፈሩ ድንች እየቆረጠ ዓይኑ ላይ ሲለጥፍ አደረ። እኔ እንኳ ያየሁት በጣቶቼ መሐል ስለሆነ ግማሽ ድንች በቃኝ።

በማግስቱ ባለ ጸጉር ቤቱ ባዶዎቹን ሃይላንዶች ይዞ «የቤንዚኑን ማን ይከፍላል?» ብሎ መጣ። የበሩ ባለቤት «እኔ ያስበየድኩት አንድ በር! ስልክ የሰካ፣ ፍሪጅ የሰካ ያዋጣ እንጂ!» አሉ። እዚህ አገር ሒሳብ የማይችል አልተወለደም፤ ድርሻችን ስንት እንደሚደርስ ሁላችንም በልባችን አውጥተነዋል። «እስቲ ማን ማን ነበር የሰካው?» ሲል ግን ሰፈሩ በሙሉ የቀላ ዓይኑን እያሸ «ኧረ እኛ ምኑን አይተን!» አለ። እኔም ቻርጀሬን ነጠላዬ ውስጥ ሸጎጥ አድርጌ ዓይኔን ማሸቱን ቀጠልኩ።