የእትዬ ጉጉት ማኅተም

በታቦር ተራራ ወገብ ላይ፣ የሀዋሳ ሐይቅ ቁልቁል በሚታይበት በኩል፣ የሸማኔ ወፎች ሼድ ነበር። ጎጆ የሚሠራው ወንዱ ሸማኔ ወፍ መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ ይታገሰኝ፤ ተረቱ የሀዋሳ ነውና ሠራተኞቹ ሴቶች ናቸው። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀ ወዲህ ከየገጠሩ መጥተው ስፌት ማሽን ላይ የተቀመጡት በአብዛኛው ወጣት ሴቶች እንደሆኑ ታቦር ላይ የሚያድር ወፍ ሁሉ ያውቃል።

የሼዱ ጌታ አባ ኮዳ ነበር። ራሰ በራ፣ ጥቁር ካባ የደረበ፣ በአንድ እግሩ ቆሞ የሚውል፣ ብዙ የማይናገር። ምሳ ሲደርስ አሞራ ገደል ይወርድና አሣ አጥማጆች የሚጥሉትን ሆድ ዕቃ ይበላል፤ እህል በአፉ ዞሮ አያውቅም። ሱፐርቫይዘሯ እመት ጦጢት ነበረች። በላይኖቹ መካከል እየተንጎራደደች «ታርጌት! ታርጌት!» ስትል ትውላለች። ጎጆዎቹ የሚሸጡት ባሕር ማዶ ላሉ ወፎች ነው። እነሱ አንድ ቀን «ይቅርብን» ካሉ ግማሹ ቅርንጫፍ ሥራ ፈት ይሆናል። (አሜሪካ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድሉ ከአጎዋ ስታስወጣ የነበረውን ጭንቀት ላስታወሰ፣ የወፎቹን ፍርሃት ማስረዳት አያስፈልገኝም።)

ከሸማኔዎቹ አንዷ ቋጠሮዋ የማይፈታ ትንሽ ወፍ ነበረች። አንድ ሰሞን እንቅልፍ እምቢ አላት። ቅርንጫፉን አብረዋት የተከራዩት ጓደኞቿ ሲያንኮራፉ እሷ ሐይቁን እያየች ታነጋለች። ጠዋት ሣሩን ታነሳለች፣ ታጥፈዋለች፣ በቀዳዳው ታሾልከዋለች፤ ማጥበቁ ላይ ስትደርስ ምንቃሯ ቀጥ ይላል። ሣሩ ተመልሶ ይዘረጋል። እንደገና ታነሳዋለች። ከረፋድ እስከ ምሳ አንዲት ቋጠሮ!

በዚያው ሰሞን የአንዲት ሌላ ወፍ ክንፍ ተሰበረ። ሼዱ ሙሉ ጥሬ በምንቃሩ ይዞ ጠየቃት፤ እመት ጦጢት ሳትቀር «አይዞሽ የኔ ልጅ» አለቻት። ፈቃዷም ወዲያው ተፈረመ። የታቦር ሕግ እንደ እኛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፦ የታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ያርፋል። ሕጉ የታመመው ክንፍ ነው ወይስ ራስ ብሎ አይመረምርም። የሐኪም ወረቀት ግን ይጠይቃል፤ ጣጣውም እዚህ ላይ ነው።

እንቅልፍ ላጣና ልቡ ለተጨነቀ ወረቀት የምትጽፈው እትዬ ጉጉት ናት። የጉጉትን ስም ታውቁታላችሁ፤ ጣራ ላይ ከጮኸች ሞት ጠራች የሚባልላት ፍጥረት ናት። ቤቷ ታቦር ጫፍ ላይ፣ ብቻውን በቆመ ዛፍ ነው። ወደዚያ የሚወጣ ከሼዱም ከሐይቁም ይታያል። ከታየ ደግሞ «ነካ አድርጓታል»፣ «ጨርቋን ልትጥል ነው» ይባላል። በወፎቹ ላይ ከመፍረዳችን በፊት፣ እኛስ ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል የነበረውን አማኑኤልን ስንት ጊዜ መሰዳደቢያ አድርገነዋል?

እናም ትንሿ ወፍ ምን እንደነካት ስትጠየቅ «ጨጓራዬን ነው» አለች።

«አንቺም?» አለች እመት ጦጢት። «ላይን ሦስት ሙሉ ጨጓራ በሽተኛ ሆነ ማለት ነው!» የቀን ሂሳቧንም ቆረጠችባት።

እውነቱን የምታውቀው እትዬ ጉጉት ብቻ ነበረች። በጨለማ የሚያይ ዐይን ስላላት፣ ማን ተኝቶ እንደሚያድርና ማን እንደሚያነጋ አይሰወርባትም። ከላይን ሦስት ብዙዎቹ በየተራ፣ አንዱ ከሌላው ተደብቆ፣ ውድቅት ላይ ወደ ዛፏ ይመጣሉ። ሁሉም የሚጠይቋት አንድ ነው፦ «እንደኔ የሆነ ሌላ አለ?» «ሞልቷል» ትላለች። «እነማን?» ሲሏት ዝም። ወረቀቱን ግን አንዳቸውም አይወስዱም፤ ማኅተሙ የማን እንደሆነ ያስታውቃላ!

ከባሕር ማዶ የላሉ ጎጆዎች ሪጄክት ሆነው መመለስ ሲጀምሩ አባ ኮዳ ስብሰባ ጠራ። እመት ጦጢት መላ አላት፦ መስከረም 30 የዓለም የአእምሮ ጤና ቀን ነው፤ ባነር ይሰቀል፣ ቲሸርት ይታተም። ተሰቀለ፣ ታተመ፣ ተጨበጨበ። በማግስቱ ወደ ታቦር ጫፍ የወጣ የለም። ቲሸርቱ ግን ጥሩ ጨርቅ ነበር።

ሁለተኛው ስብሰባ ላይ የተናገረችው ክንፏ የተሰበረው ወፍ ናት። «እትዬ ጉጉትን ለምን ከጎተራው አጠገብ አታደርጓትም? እዚያ ሁላችንም እንሰለፋለን። ማን ለእህል፣ ማን ለእሷ እንደመጣ ማን ይለያል? ወረቀቱም ላይ የጎተራው ማኅተም ይረፍበት።»

ሐሳቡ የወፍ ብቻ አይደለም፤ በጉራጌ ሶዶ ወረዳ የአእምሮ ሕክምና ሌላው ሁሉ በሚታከምበት ጤና ጣቢያ እንዲሰጥ ተሞክሯል። እመት ጦጢት ግን «እንዲህማ ከሆነ ሰነፉ ሁሉ ወረቀት ሊያወጣ ነው» ብላ ተከራከረች። አባ ኮዳ እግሩን ቀየረ። «አሁንስ ምን እየሠሩልን ነው?» አለ።

እትዬ ጉጉት ወረደች። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሰልፈኛው በእርግጥም ለእህል ብቻ የመጣ ይመስል ነበር፤ ትንሿ ወፍም ሁለቴ ጥሬ ብቻ ተቀብላ ተመለሰች። በሦስተኛው ተሰልፋ ሳለ ከኋላዋ ረጅም ጥላ ወደቀባት። ዞር ስትል አባ ኮዳ ነው።

«አባ! እህል ጀመሩ እንዴ?»

«ጨጓራዬን…» ብሎ ጀመረና ተወው። «እንቅልፍ ካጣሁ ከረምኩ» አለ። «ሰልፉ የት ላይ ነው የሚያልቀው?»

«እዚያ ጋ» አለችው በምንቃሯ እያመለከተች፤ «ከእመት ጦጢት ኋላ ነዎት።»