ሶፋ ላይ የተቀመጠው ሱሪዬ

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ከውጭ ስገባ ሱሪዬ ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። እግር የለውም። አራት ማዕዘን ሆኗል፤ ሆዱ ተወጥሯል፤ የኋላ ኪሱ ግን ከነቁልፉ እንዳለ ነው።

«ይሄ ካኪ ሱሪዬ አይደለም?» አልሁ።

«ነበር» አለች ባለቤቴ፣ መርፌውን በጥርሷ ነክሳ። «አሁን መከዳ ነው።»

ነገሩ የመጣው በስልክ ነው። በሰው አገር አሮጌ ጨርቅ እየቆራረጡ፣ እየቀጣጠሉ ትራስ ይሰፉና ሳሎን ያስጌጡበታል፤ ስሙም «ቪንቴጅ» ነው። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኋት። «አርጅቶ ዋጋው የተወደደ ዕቃ» አለችኝ። «እኔስ?» ብላት ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና «አንተ ገና ገዢ አልመጣልህም» ብላ ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

እኛ በምንኖርበት በመካነ ሰላም አሮጌ ጨርቅ ጠፍቶ አያውቅም። እኔ ያደግሁት ለጋምቦ ውስጥ፣ አቀስታ አጠገብ ነው። ብርዱን ጉጉፍቱን በአውቶቡስ ያለፈ ሰው ያውቀዋል። በሌላው መንገድ ተሳፋሪ መስኮት ይከፈት፣ አይከፈት እያለ ይጣላል፤ ጉጉፍቱ ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ጠብ የለም፤ ሁሉም በአንድ አፍ «ዝጋው!» ነው። በዚያ ብርድ ልጅ የሚተኛው ከታቹ አጎዛ፣ ከላዩ ባና ነው። የደጋውን በግ ጠጉር ሴቶች ይፈትሉታል፣ ወንዶች ይሸምኑታል፤ ባና ይኮሰኩሳል፣ ይከብዳል፣ ግን ያድናል። ሲቀደድ ይጣፋል፤ የጣፉት ሲቀደድ በላዩ ላይ ይጣፋል። ስሙም ድሪቶ ነው። ድሪቶ ለብሶ ፎቶ የተነሣ ሰው አላውቅም።

እናቴ ቤት ጨርቅ ማዕረግ ነበረው፤ የሚወርድበትም ደረጃ ነበረው። ነጠላ ከራስና ከትከሻ ይጀምራል። ሲሳሳ ወገብ ይታሰርበታል፤ ከዚያ ልጅ ይጠቀለልበታል፤ ከዚያ የምጣድ ማሰሻ ይሆናል፤ መጨረሻው የጋን ውታፍ ነው። ይህን ሁሉ ሲወርድ ግን አንድ ቦታ አይደርስም፤ የሰው መቀመጫ ሥር አይገባም። መቀመጫ የእንስሳ ፋንታ ነው፤ አጎዛ፣ ቁርበት። ጥጥ የትከሻ ነው። ይህን ሕግ ማንም አልጻፈውም፤ ነጠላ ላይ የተቀመጠ ልጅ ግን በቁንጥጫ ይማረዋል።

ባለቤቴ ይህን ስነግራት አልሰማችም። ከሰማችም፣ ጭንቀቷ ሌላ ነበር፤ መከዳው በምን ይሞላ? ስፖንጅ ደሴ ነው፤ ደሴ ደግሞ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መጀመሪያ በጤፍ ጭድ ሞላችው። እንግዳ ተቀምጦ በተላወሰ ቁጥር «ኮሽ» ይላል፤ ሌሊት እንግዳ ሳይኖርም «ኮሽ» ማለት ሲጀምር አይጥ መግባቱን ዐወቅን። ቀጥላ ያልታጠበ የበግ ጠጉር ሞላችበት። ክረምቱ ሲገባ ሳሎናችን በረት በረት ሸተተ፤ አንዱ ስፌት ፈነዳና ጠጉሩ እየተንጨፈረረ ወጣ፤ የደንቆሮ ጫካን ጭላዳ ጎፈር ቆርጠን የሰፋንበት መሰለ። በመጨረሻ የተበጣጠሰ የሰልባጅ ሹራብ ሞላችበትና ሰላም ወረደ።

ከዚያ የባለቤቴ አባት ኮት መጣ። እሳቸው ካረፉ ዓመታት አልፈዋል፤ ኮቱ ግን ሣጥን ውስጥ ነበር። ባለቤቴ ይዛው ወደ ልብስ ሰፊው ሄደች፣ እኔም ተከተልኋት። ሰውየው በረንዳ ላይ ከእግር ሲንጀሩ ኋላ ተቀምጦ ነበር። ኮቱን ተቀበለ፣ ኮሌታውን ገለበጠ፣ ገበሩን ዳሰሰ፣ ከዚያ ጭኑ ላይ አኖረው።

«ይህን ኮት እኔ ነኝ የሰፋሁት» አለ። «ግራ ትከሻቸው ዝቅ ይል ስለነበር እዚህ ጋ ትንሽ ጥጥ ደብቄበታለሁ። አያውቁም ነበር።»

«እንግዲህ ቁረጥልን» አለች ባለቤቴ፣ ድምፅዋ ቀነስ ብሎ።

«የሰፋሁትን አላርድም» ብሎ አጣጥፎ መለሰልን።

ቤት መጥታ ራሷ ቆረጠችው። ለመከራከሪያም ከዚያው ከስልኳ አንድ ታሪክ አመጣችልኝ፤ ይህኛው አፌን አስዘጋኝ። አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የሚባል የጥቁር ገበሬዎች መንደር አለ። ሚዙሪ ፔትዌይ የምትባል ሴት በ1942 እ.ኤ.አ. ባሏ ሲሞትባት የሥራ ልብሱን ቀድዳ፣ ቀጣጥላ ብርድ ልብስ ሰፋችው፤ ከሥሩ ተኝታ እሱን ልታስብበት። የዚያ መንደር ሴቶች ድሪቶ በ2002 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ፣ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። «አየህ?» አለችኝ። አየሁ። ሴትዮዋ ግን ከሥሩ ተኛች እንጂ አልተቀመጠችበትም፤ ይህን በልቤ ያዝሁት።

ሰባት መከዳ ሆነ። የኔ ካኪ፣ የባለቤቴ አባት ኮት፣ የነጠላ ጥለት፣ የባና ቁራጭ፣ የልጃችን ዩኒፎርም፣ መጋረጃ፣ አንድም ከማን እንደተወለደ የማይታወቅ አረንጓዴ የሰልባጅ ጃኬት። ባለቤቴ ቡና አፍልታ ጎረቤት ጠራች።

በትልቅ ከተማ አሮጌ ጨርቅ ስም የለውም፤ የማን ገላ ላይ እንደኖረ የሚያውቅ ስለሌለ ያምራል። የእኛ ሰፈር ሰው ግን ልብስህን ከፊትህ ቀድሞ ነው የሚያውቀው፤ ከሩቅ ሲያይህ ሰላምታ የሚያዘጋጀው ለኮትህ ነው። እንግዶቹ ገቡ፣ ሶፋውን አዩ፣ ቆሙ። «ውይ፣ ይሄ የሟቹ ኮት አይደል?» አለች አንዷ። ሌላዋ ጥለቱን ስማ ወደ ጎን አደረገችው። አንዱ የኔን ካኪ አይቶ እኔን አየና «ደህና ነህ ግን?» አለኝ። ሁሉም መከዳውን ከሥሩ እያነሣ ጭኑ ላይ አስቀመጠ፤ አቦልን ሕፃን የታቀፉ መስለው ጠጡ።

የተደላደሉት ጎረቤታችን ሼሁ ብቻ ነበሩ። መጋረጃ ነው ያልሁትን መከዳ ገልበጥ ቢያደርጉት ጀርባው ባለ መስመር ጨርቅ ነው።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «ይሄ ያን ዝናብ ቀን ያዋስሁህ ሽርጥ አይደለም?»

ነው። ሁለት ክረምት አልፎታል። ምድር ብትከፈት በገባሁ።

«አብሽር፣ እንኳን ተገኘ» ብለው በገዛ ሽርጣቸው ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ፤ ቶናውንም በረካውንም ጨርሰው፣ መርቀውን፣ መከዳውን በብብታቸው ይዘው ወጡ።

አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ዘግይተው መጡ። ሶፋው ላይ ዓይናቸውን አዞሩና በቀጥታ አረንጓዴው የሰልባጅ ጃኬት ላይ ተቀመጡ። «የማንም አይደል፣ አይከፋውም» አሉ። የኮቱን መከዳ አንሥተው ግራ ትከሻውን ዳሰሱ፤ ልብስ ሰፊው የደበቀው ጥጥ እዚያው ነው። «ይሄን ምነው አልነገራችሁኝ» ብለው ዝም አሉ። ሲሄዱ ይዘውት ሄዱ። ባለቤቴ በማግስቱ ልታያቸው ስትሄድ አልጋቸው ላይ፣ በራስጌ አገኘችው።

አሁን የቀሩን አምስት ናቸው። ካኪው ሶፋው ላይ በክብር ቦታ ተቀምጧል፤ እኔም እዚያ መቀመጥ አቁሜያለሁ። የኋላ ኪሱን ባለቤቴ ለቤት ወጪ ይዛዋለች። እህል ሊፈጭ ሲል ልጁ «ብር ከየት ላምጣ?» ብሎ ይጣራል፤ እሷም ከጓዳ ሆና «ከአባትህ ሱሪ!» ትለዋለች።