ብስኩት ገዝቼ ልምጣ

ሳይክል ከነዳሁ ስንት ዘመን እንዳለፈ የገባኝ የሰፈራችን ሳይክል አከራይ ልጅ ከላይ እስከ ታች አይቶኝ «ለልጅዎ ነው ጋሼ?» ሲለኝ ነው። «ለራሴ ነው» ስለው መታወቂያዬን ተቀብሎ ፎቶውን ከፊቴ ጋር ደጋግሞ አመሳከረ። በእኛ ልጅነት ሳይክል የምንከራየው በዙር ነበር። ስሙኒ ከፍለህ ሜዳውን አንዴ ትዞራለህ፤ መንገድ ላይ ብትወድቅም ዙሩ ተቆጥሮብሃል። መታወቂያ ማን ያውቃል? መያዣው እናትህን ማወቃቸው ነው።

ልጁ ከደረደራቸው ሳይክሎች ትልቁን መርጦ ሰጠኝ። ትልቁ ማለት ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ የሚሆነው ነው። ስቀመጥበት ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረው። «ፍሬኑ ይሠራል?» አልኩት። «የፊቱ ይሠራል» አለኝ። ከዚህ በላይ አለመጠየቄ የኔ ጥፋት ነው።

ለዚህ ሁሉ የዳረገችኝ የእህቴ ልጅ ናት። ሰኔ 7 የዓለም የደም ለጋሾች ቀን ነው። እሷና ጓደኞቿ ከዚያ በኋላ ባለው እሁድ ደማቸውን፣ ኩላሊታቸውንና የዐይን ብሌናቸውን የለገሱ ሰዎችን ለማመስገን በሳይክል ሊዞሩ ተነሡ። ለካኒቴራው የሚከፈለው ገንዘብ ኩላሊታቸውን ለሚታጠቡ ሕመምተኞች ይውላል። መነሻው መስቀል አደባባይ ነው፤ በለገሃር አድርጎ ቸርችልን ሽቅብ እስከ ማዘጋጃ ቤት፣ ከዚያ እንደገና ቁልቁል። መጨረሻው ላይ ድንኳን ተተክሏል፤ የፈለገ ደም ይሰጣል። «ጋሽዬ፣ ስምህን አስመዝግቤያለሁ» አለችኝ። እምቢ ማለት ያልቻልኩበት ምክንያት አለኝ፤ እሱን ኋላ እነግራችኋለሁ። አሁን ዳገቱ ይቅደም።

ጠዋት መስቀል አደባባይ ስደርስ ሰማዩ እንደ ሰኔነቱ ጠቁሯል። አንድ ወጣት ሐኪም ድምፅ ማጉያ ይዞ ያስረዳል። ሰኔ 7 የተመረጠው የካርል ላንድሽታይነር ልደት ስለሆነ ነው አለ። ኦስትሪያዊው ሐኪም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1901 ዓ.ም. የሰው ደም በዓይነት በዓይነቱ እንደሚለያይ ባያሳይ ኖሮ፣ ደም መቀበል ቁማር ሆኖ ይቀር ነበር፤ በዚሁ ሥራው በ1930 ኖቤል ተሸልሟል። ቀጥሎም አንድ ከረጢት 450 ሚሊ ሊትር ገደማ እንደሚይዝ፣ ከአንዱ ከረጢት ቀይ ሕዋሱ፣ ፕላዝማውና ፕሌትሌቱ ተለይቶ ለተለያየ ሰው ሊደርስ እንደሚችል ነገረን። ቀይ ሕዋሱ ፍሪጅ ውስጥ የሚቆየው 35 ቀን ያህል ነው፤ ፕሌትሌት አምስት ቀንም አይሻገር። ባንክ ከተባለ እንዲህ ያለ ባንክ አይቼ አላውቅም። ወለድ የለ፣ ውርስ የለ፣ ተቀማጩ በወሩ ጊዜው ያልፍበታል። ዛሬ ሞላ ብለህ ብትተኛ በሚቀጥለው ወር ባዶ ነው።

«ቁርስ በልተሃል አይደል?» አለች የእህቴ ልጅ። «እንዴታ!» አልኩ። አልበላሁም። ሆዴ ቀለል ካለ ዳገቱ ይቀለኛል ብዬ ነበር።

እስከ ለገሃር ድረስ ጀግና ነበርኩ። ሜዳ ነዋ። ቸርችል ላይ ስንታጠፍ ግን ነገሩ ተገለጠልኝ። ይህን ጎዳና ዕድሜዬን ሙሉ በታክሲ ስመላለስበት ዳገት መሆኑን ልብ ብዬ አላውቅም። ለካ ታክሲው ነበር የሚያውቀው።

ሰው ዳገት ላይ ሲደክም ማሰብ ይጀምራል። እኔም ስለ ደም አሰብኩ። አማርኛችን ደምን የሚያውቀው ሲፈስ ነው። የተቃባ ደመኛ ነው። የገደለ በደም ይፈለጋል። ያለ ጠያቂ የሞተ ደመ ከልብ ሆኖ ይቀራል። ሳያስቀይመን የምንጠላው ሰው ደመ መራራ ነው። ሲበዛ ደም ብዛት፣ ሲያንስ ደም ማነስ። ቆንጆ ሲገኝ ብቻ ታርቀን ደም ግባት እንላለን። ልጅ ሳለሁ የሳይንስ መምህራችን ደም ቅዳና ደም መልስ የሚባሉ ሥሮች አሉ ሲሉን፣ ደም የሚመልስ ሰው ጫካ የገባ ሽፍታ ብቻ ይመስለኝ ስለነበር፣ እጄ ላይ ያሉትን አረንጓዴ ሥሮች በፍርሃት አይ ነበር። ለማያውቁት ሰው ደምን ቀድቶ ሰጥቶ ወደ ቤት ስለመሄድ ግን አያቶቼ የተረቱትን ተረት አልሰማሁም። ደም መለገስ የሚለው ቃል ራሱ የጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ያገኘነው ነው።

ጥቁር አንበሳ አካባቢ ስደርስ አንዲት ቀጭን ሴት «አይዞህ ጋሼ» ብላኝ አለፈችኝ። ከኋላዋ አንድ ወንድ ተከተላት። የካኒቴራዋ ጀርባ ላይ «ለጋሽ»፣ የእሱ ላይ «ተቀባይ» ይላል። ኋላ እንደሰማሁት ወንድሟ ነው፤ ኩላሊት የሰጠችው እሷ ናት። የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአገራችን የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። ከዚያ በፊት ይህን የመሰለ ሕክምና ውጭ አገር ነበር የሚፈለገው። ሐኪሞቹ ብዙውን ጊዜ የደከሙትን አሮጌ ኩላሊቶች አያወጧቸውም፤ አዲሱን ታች፣ ከሆድ ሥር ያስቀምጡታል። ስለዚህ ወንድምየው ሦስት ኩላሊት አለው፣ እህቱ አንድ። በድምሩ አራት፤ የሚሠሩት ሁለት። ሁለት ጤነኛ ኩላሊት ያለኝ እኔ ደግሞ ሳይክሌን እየገፋሁ በእግሬ ነኝ።

አዎ፣ ወርጄ ነበር። ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሴባስቶፖል አምሳያ አለ። ዋናው መድፍ ሰባት ቶን ገደማ እንደሚመዝን፣ አጼ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አካባቢ እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት እንዳስጎተቱት ተምረናል። እኔ አንድ የልጅ ሳይክል እየጎተትኩ ከሥሩ ቆሜ አየር ስፈልግ፣ መድፉ የተመለከተኝ ዓይነት ስሜት ተሰማኝ። ሰንሰለቱ በዚያ ሰዓት የሱሪዬን ጫፍ ነክሶ ያዘ። መካኒኮች ሰንሰለቱንም ካቴና የሚሉት ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው፤ ታስሬያለሁ።

በሱሪዬ ቁራጭ ዋስትና ተፈትቼ ማዘጋጃ ቤት ደረስኩ። ሌሎቹ ፎቶ ተነሥተው ጨርሰዋል። ዝናቡም እኔን ሲጠብቅ የቆየ ይመስል ወዲያው ጀመረ።

ቁልቁለቱን በዝርዝር ባልነግራችሁ ደስ ይለኛል። የፊት ፍሬን በዝናብ አይሠራም። የኋላው በብራም አይሠራም። ሽቅብ ሰዓት የፈጀሁበትን መንገድ በደቂቃ ጨረስኩት። ያለፈችኝን ሴት አለፍኳት፤ «ቀስ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ምድር ያገኘሁት ታች፣ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ነው። መጀመሪያ ክርኔ፣ ቀጥሎ ጉልበቴ፣ በመጨረሻ ክብሬ። ጥላ ይዞ የቆመ ሎተሪ አዟሪ ቀና አድርጎኝ ጭቃዬን ካራገፈልኝ በኋላ «አባቴ፣ ከዚህ መትረፍዎ ዕድለኛ ቢሆኑ ነው፤ አንድ ይቁረጡ» አለኝ። ቆረጥኩ። ምን አባቴ ላድርግ? ትኬቱ ላይ ደም ነካሁበት። ደም ልሰጥ ወጥቼ ያን ቀን ከእኔ የወጣው ደም ያ ብቻ ነው፤ ግማሹ ለአስፋልቱ፣ ግማሹ ለብሔራዊ ሎተሪ።

እያነከስኩ ድንኳኑ ደረስኩ። ነርሷ የደም ግፊቴንና የልብ ምቴን ለካች። ጥቂት አስቀምጣ እንደገና ለካች። «ከፍ ብሏል ጋሼ። ቁርስ ምን በሉ?» አለችኝ። የእህቴ ልጅ አጠገቤ ስለቆመች ዝም አልኩ። ነርሷ ገባት። «በባዶ ሆድ፣ በዚህ ድካም፣ በዚህ ቁስል አይሆንም። ተሽሎዎት፣ በልተው ጠጥተው ሌላ ቀን ይምጡ» ብላ ጉልበቴን አጥባ በፋሻ ጠቀለለችልኝ። ልሰጥ ሄጄ ተቀብዬ ተመለስኩ ማለት ነው።

ከጎን ካለው ጠረጴዛ ላይ የዐይን ብሌን ልገሳ ቃል የሚገባበት ቅጽ ነበር። ብሌኑ የሚወሰደው ከሞትን በኋላ፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው። የፊተኛዋ ጥርት ያለች ሽፋን የደም ሥር የላትም፤ የምትተነፍሰውም ከአየር ነው። በዚህም ምክንያት እንደ ኩላሊት ብዙ ማመሳሰል ሳያስፈልግ ለሌላ ሰው ትሆናለች። ወዲያው ፈረምኩ። ከሞትኩ በኋላ መርፌ አልፈራም።

እነሆ ወደ ምክንያቴ መጣሁ። መርፌ እፈራለሁ።

በ1993 ዓ.ም. ሰኔ ላይ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ደሙ አልቆም አላት። ያኔ ደም ባንኩ በቀይ መስቀል ሥር ነበር፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያቋቋመው እሱ ነው፣ ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የተዛወረው በ2004 ዓ.ም. ግድም ነው። በዚያን ጊዜ ደም በብዛት የሚገኘው በምትክ ነበር፤ ለታማሚው የወጣውን ቤተሰቡ ይተካል። ሐኪሙ ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ «ከቤተሰብ ማን አለ?» አለ። ባሏ ገባ። ታናሽ ወንድሜ ገባ። «አንድ ሰው ይቀራል» ተባለ። እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«ቁርስ አልበላሁም። ብስኩት ገዝቼ ልምጣ» አልኩ።

ሱቁ ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ነበር። በሩን አልፌ፣ ሱቁን አልፌ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዞርኩ። ስመለስ ሌላ ሕመምተኛ ሊጠይቅ የመጣ ሰው፣ የማያውቀን፣ እኛም ስሙን ያልያዝንለት፣ በእኔ ፋንታ ሰጥቶ ሄዷል። እህቴ ተርፋለች። በእጄ ብስኩት እንኳ አልነበረም። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን የተወለደችው ናት እንግዲህ ስሜን ያስመዘገበችው። ይህን ታሪክ አታውቅም።

ከድንኳኑ አልጋ ላይ ተጋድማ እጇን ስትዘረጋ አየኋት። ነርሷ ደም መልሷን ዳበሰች። ልጅቷ ወደ እኔ ዞራ ሳቀችና ደሙ በቀጭኑ ቱቦ መውረድ ጀመረ። እኔ የሸሸሁትን ቦታ የማናውቀው እንግዳ ሞልቶት ነበር፤ አሁን እሷ ደግሞ ለሌላ የማታውቀው ሰው ትሞላለች። በአማርኛ ደም የሚመለስበት ሌላ መንገድ ለካ ይህ ነው። ፋሻዬን ደባብሼ ወደ ውጭ ወጣሁ፤ ዝናብ ነው ብትሉኝ ዝናብ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ቀን፣ ቁስሌ ደርቆ፣ ፍርፍሬን ጥግብ ብዬ በልቼ፣ ለማንም ሳልናገር በታክሲ ሄድኩ። ካኒቴራ የለ፣ ድምፅ ማጉያ የለ። ዕድሜዬን ጠየቁኝ፣ መዘኑኝ፣ ጣቴን ወግተው የደሜን መጠን አዩ፣ ግፊቴን ለኩ። ከሳይክሉ ኮርቻ ጋር ሳወዳድረው መርፌው ምንም አልነበረም። አሥር ደቂቃ ያህል ጣሪያ ጣሪያ ሳይ አለቀ። ሃያ አራት ዓመት የሸሸሁት ነገር አሥር ደቂቃ ነበር።

ሲያበቃ ጭማቂና አንድ እሽግ ብስኩት ሰጡኝ። ጭማቂውን እዚያው ጠጣሁ። ብስኩቱን ኪሴ ከትቼ ወደ እህቴ ቤት ሄድኩ።

በረንዳ ላይ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች። አጠገቧ ተቀምጬ ብስኩቱን ሰፌዱ ጠርዝ ላይ አኖርኩት።

«ምንድን ነው?» አለች።

«ብስኩት።»

ብስኩቱን አየች። ክርኔ መታጠፊያ ላይ የተለጠፈውን ጥጥ አየች። ከምስሩ ውስጥ አንዲት ጠጠር ለቅማ ወረወረች።

«ሱቁ ሩቅ ነበር እንዴ?» አለችኝና ቡና ልታፈላ ተነሣች።