ስም ላይ የምትለጠፍ ግስ

እንግሊዝኛ ለሚማር ሰው ስንት መከራ አለበት፤ እኔን ግን እንደዚህች ያንገሸገሸኝ የለም። ትምህርት ቤት «ሂ ኢዝ» ሲያጥር «ሂዝ»፣ «ዴይ ዊል» ሲያጥር «ዴይል» እያልን ሰንጠረዡን ሸመደድን። ተውላጠ ስም ብቻ! ባለቋንቋዎቹ ግን ግሱን ያገኙት ስም ሁሉ ላይ ይለጥፉታል፤ እናት ላይ፣ ውሻ ላይ፣ ሐኪም ላይ። ይህን ማን ነገረን?

እስቲ «ዘ ቲቸርዝ ሌፍት» የምትለዋን ስሙልኝ። መምህሩ ሄዷል ነው ወይስ መምህራኑ ሄዱ? ለጆሮ ሁለቱም አንድ ናቸው። በመጀመሪያው «ሃዝ» ተሸሽጓል፤ በሁለተኛው «ዝ» የብዙ ቁጥር ምልክት ናት። «ሌፍት» ተነሥቶ «ሌት» ሲገባ የተሸሸገው «ኢዝ» ይሆናል፤ «ኮት» ሲገባ ደግሞ የመምህሩ ኮት። አንዲት ድምፅ ይህን ሁሉ ተሸክማ ስታልፍ የማድመጥ ፈተናው ቆሞ አይጠብቅም።

«ማይ ብራዘርድ ካም» ደግሞ ይብሳል። ወንድሜ መጥቶ ነበር ወይስ ይመጣ ነበር? «ሃድ»ም «ዉድ»ም ሲያጥሩ ያቺው «ድ» ናቸው፤ «ካም»ም በሁለቱም መልኩን አይለውጥም። ከፊት ወይም ከኋላ ሌላ ነገር ካልተነገረ መለያ የለውም።

እሺ ለምደን እንናገረው ስንል ሌላ ጣጣ ይመጣል። «እናትህ ቤት ናት?» ለሚል ጥያቄ «የስ፣ ሺዝ» ብሎ መመለስ ስህተት ነው፤ መጨረሻ ላይ ግሱ ሙሉ መልኩን ይፈልጋል። እናቴ ሱቅ አላት ለማለት «ማይ ማዘርዝ ኤ ሾፕ» ያለ ሰው እናቱን ራሷን ሱቅ አድርጓታል። «ማዘርል» ብሎ በድርሰት የጻፈም ቀይ እስክሪብቶ ይጠብቀዋል።

ማሳጠሩን አልጠላሁም፤ እኛም «ምንድን ነው»ን «ምንድነው» እንላለን። የሚያስለቅሰኝ ሳይነገረን መጠየቃችን ነው። አሜሪካ የገባ ዘመዳችን ከክሊኒክ «ዘ ዶክተርል ኮል» ሲባል ያቺ «ል» ታመልጠዋለች፤ ሐኪሙ ይደውል፣ እሱ ይደውል፣ ግራ ገብቶት ስልኩን ይዘጋል።

የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጆች፣ እባካችሁ ከተውላጠ ስሞቹ ሥር ስሞችንም ጨምሩ። መምህራንም ሰሌዳ ላይ ጽፋችሁ አትለፉ፤ ድምፁን አሰሟቸው፣ ደጋግማችሁ አሰሟቸው።