የእመት ጦጢት ሁለት ቁና

ተረት ተረት፤ የላም በረት።

ከጉና ተራራ ግርጌ አንድ ትልቅ ጎተራ ነበር። ከጋይንት ደጋ ገብሱ፣ ከእስቴ ጤፉ፣ ከስማዳ ቆላ ማሽላው እየተጫነ ይገባበታል። አራሹ አያ በሬ፣ ጫኙ አያ አህያ፣ ጌታው አንበሳ ነው። አንበሳ ጌትነቱን ከአባቱ ወርሷል፤ አባቱም ከአባቱ። ሲያገሳ ድምፁ ከጨጨሆ እስከ በሽሎ ይሰማል። አንድ ነገር ግን አይወድም፤ እህል መስፈር። «አንበሳ ቁና ይዞ ጎተራ ደጃፍ ሲያጎነብስ ማን አይቶ ያውቃል?» አለና ነብርን ጠርቶ ቁልፉን ሰጠው።

ነብር ለሹመቱ አላነሰም። ግብሩን በጊዜው አስገባ፣ ሽፍታውን መታ፣ ጌታውን ጧትና ማታ ጮማ አበላ። ውሎ አድሮ አንበሳ ፊት ማን ይግባ፣ ማን ይመለስ የሚለውን የሚወስነው እሱ ሆነ። አቤቱታ ይዞ የመጣ ሁሉ «ጌታችን ተኝተዋል» ተብሎ ይሸኛል። አንበሳውም የሚያገሳው ነብር «አሁን ያግሱ» ሲለው ብቻ ነው። አንድ ቀን ሳይነገረው ቢያገሳ በማግስቱ ሞቶ ተገኘ። ነብር ከሁሉ አብልጦ አለቀሰ፣ ተዝካሩን አወጣ፣ ከዋሻው አንድ ደቦል መርጦ ዙፋኑ ላይ አስቀመጠ። ደቦሉ «የአባቴ እህል የት ደረሰ?» ብሎ ሲጠይቅ ሌላ ደቦል አመጣ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ነብር ራሱ ጌታ ሆነ። ጌታ ሲሆን የጌታ አመል ያዘው። «ነብር ቁና ይዞ ማን አይቶ ያውቃል?» አለና ቁልፉን ለእመት ጦጢት ወረወረላት።

ጦጢት ስፌት ሰፊ ዘንድ ሄዳ ሁለት ቁና አሰፋች፤ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ። ነሐሴ ላይ ቤቱ ባዶ የሆነበት ሁሉ ሊበደር ሲመጣ በሰፊው ትሰፍርለታለች። ጥር ላይ ብድሩን ሲመልስ በጠባቡ ትቀበለዋለች።

አያ በሬም አንድ ዝናባማ ቀን ስልቻውን ይዞ መጣ። ሰፊውን ቁና ሲያይ ደነገጠ።

«እመት ጦጢት፣ የጌታን እህል አጎደሉ ተብለው እንዳይቀጡብኝ።»

«አያ በሬ፣ አንተ ዝም ብለህ ስልቻህን ክፈት።»

ቁናውን እስከ ክንዷ አጥልቃ አወጣችው። አናቱ እስኪቆለል ጨመረችበት። ስትገለብጠው የፈሰሰችውንም ገብስ ከመሬት ለቃቅማ፣ አቧራዋን እፍ ብላ፣ ስልቻው አፍ ላይ ጣል አደረገች። «ይቺ ደግሞ ለልጆችህ ቆሎ ትሁን።»

በሬ እንባው መጣ። ገብሱን ያረሰው እሱ መሆኑ በዚያች ሰዓት ትዝ አላለውም። ከጦጢት እጅ የወጣው እህል የጦጢት መሰለው። መንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ «እንደ እሷ ያለ ደግ አልተፈጠረም» እያለ ሄደ።

ጥቂት ክረምት አለፈ። ነብር አንድ ቀን ከድግስ ሲመለስ ጎተራውን አንኳኳው፤ ባዶ ድምፅ ሰጠው። ዘበኞቹ ተቀምጠው ነበር፤ ሲያዩት አልተነሱም።

«ሌባ!» አላት ጦጢትን። «በእህሌ አገር ገዛሽበት!»

ጦጢት እጅ ነሳች። «ጌታዬ፣ እኔ ይህን ሙያ ከእርስዎ ነው የተማርኩት። እርስዎ የአንበሳን ደጅ እየጠበቁ አንበሳን ወረሱ። እኔም ጎተራዎን ስጠብቅ ኖርኩ።»

ነብር ዘበኞቹን ጠራ። ዘበኞቹ ጦጢትን ዞረው አዩ። ነገሩ ገባውና በዚያው ሌሊት ወደ በሽሎ በረሃ ወረደ።

ጦጢት ዙፋን ላይ ወጣች። መጀመሪያ ያደረገችው ሰፊውን ቁና እሳት ውስጥ መጨመር ነው። ቀጥሎም «ጌታ ሆኜ እህል ስሰፍር አያምርብኝም» ብላ ቁልፉን ለእመት አይጢት ሰጠቻት። አይጢት መሬት ስማ ሹመቷን ተቀበለች፤ በጓሮ በር ወጥታም በቀጥታ ስፌት ሰፊዋ ቤት ሄደች።

ነብሩ ማን፣ ደቦሉ ማን እንደሆነ ለበጌምድር ሰው ማስረዳት አያሻም። ራስ ሚካኤል ስሑልን ጎንደር ያስገባቸው የቤተ መንግሥቱ ጠብ ነው፤ ለእርዳታ ተጠርተው መጡና በ1761 ዓ.ም. አጼ ኢዮአስን አስገደሉ። ሽማግሌውን ዮሐንስን አነገሡ፤ እሳቸው አልመች ሲሉ በልጃቸው በተክለ ሃይማኖት ተኳቸው። በ1763 ደግሞ የበጌምድሩ ወንድ በወሰንና የአማራው ጎሹ ሠርባኩሳ ላይ ድል ነሷቸው። ከዚያ ተራው የየጁዎች ሆነ። እነሱ በእንደራሴነት አገር ገዙ፤ ዘመነ መሳፍንት በተባለው በዚያ ጊዜ አጼ ተክለ ጊዮርጊስ ዙፋን ላይ ስድስት ጊዜ ወጥተው ወርደዋል። ደብረ ታቦር ላይ የነበሩት ዳግማዊ ራስ አሊም ልጃቸውን ተዋበችን ለቋረኛው ካሳ ዳሩለት፤ አማቹ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ድል ነሥቶ ወንበራቸውን ገለበጠው። በ1847 ቴዎድሮስ ተብሎ ሲነግሥ ደቦል መፈለጉም ቀረ።

ቁናውም ተረት ብቻ አይደለም። በጥንታዊት ቻይና፣ ቺ በምትባል ግዛት፣ የቲየን ቤተሰቦች የመስፍኑ ሹሞች ነበሩ። በሰፊ መስፈሪያ እያበደሩ በጠባብ ይቀበሉ እንደነበር፣ ሕዝቡም ወደ እነሱ እንደፈሰሰ ዜና መዋዕሉ ይተርካል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ386 የመስፍኑን ወንበር በይፋ ያዙት። በጎረቤቷ፣ ሉ በምትባል ግዛት፣ የጂ ቤት መኳንንት መስፍናቸውን ከአገር አባረሩ፤ 12 ዓመት ቆይቶ የገዛ አሽከራቸው ያንግ ሁ የቤቱን አለቃ አስሮ ግዛቲቱን ያዛት። ሥልጣን ወደ ታች በወረደ ቁጥር ዕድሜው እንደሚያጥር ያስተማረው ኮንፊሽየስ የዚያው የሉ ሰው ነው፤ የጂ ቤትና የያንግ ሁ ነገር የሆነው በእሱ ዘመን ነው።

መኳንንት ሲወድቁ የሚያለቅሱት አሽከር ከዳን ብለው ነው። አሽከሩ ግን የወሰደው እነሱ ንቀው የጣሉትን ነው። ቁና የናቀ ጌታ ጌትነቱን አብሮ አስረክቧል፤ ደጅ እየጠበቀ ጌታውን የወረሰም ለራሱ ደጅ ጠባቂ መንገዱን አሳይቷል።

የአያ በሬ ጥፋት ግን ከሁሉም ይብሳል። በዘመነ መሳፍንት ጌታ በተለወጠ ቁጥር ወታደሩ የሚያድረው ገበሬው ቤት፣ የሚበላውም ከገበሬው ጎተራ ነበር። ሰፊውም ጠባቡም ቁና የሚሞላው በእሱ ገብስ ነው። በሬ ያን ዕለት ስልቻውን ከመክፈቱ በፊት «ይህን ማን አረሰው?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ፣ ነብርም ጦጢትም መልስ ያጡ ነበር።